በእጅ የተሠራ የስቲምፐንክ ልብስ ኤትሲ ላይ መሸጥ፦ ሒሳቡ፣ ልኬቱ፣ ፎቶውና ሳጥኑ

ኮርሴት (ወገብን በብረትና በገመድ የሚያጠብቅ ልብስ)፣ ሰደርያ፣ ቶፕ ሃት (ረጅም ባርኔጣ) ወይም የናስ መነጽር በእጁ ሠርቶ ለሚሸጥ ሰው ኤትሲ የተባለው የኢንተርኔት የእጅ ሥራ ገበያ ያለው ትልቁ ጥቅም ገዢው ራሱ ፈልጎ የሚመጣበት ገበያ መሆኑ ነው። ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላይ ሰው የሚያየው ያጋጠመውን ነው፤ አድንቆ ያልፋል። ኤትሲ ላይ ግን «የስቲምፐንክ ሰደርያ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚለብስበት ቀን ተቆርጦለታል፤ ሠርግ ወይም ፌስቲቫል አለበት። ለዚህ ብቻ ቤቱ፣ ማለትም ኤትሲ፣ ክፍያው ይገባዋል። ችግሩ ግን ክፍያውን በቅጡ ሳያሰላ ዋጋ የሚያወጣ ልብስ ሰፊ ሳያውቀው በነጻ ሲሠራ መክረሙ ነው። ይህ ግምገማ ቤቱን የሚያየው ከሻጩ ወንበር ሆኖ ነው።

ስቲምፐንክ የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን (ከ1837 እስከ 1901፤ እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አለባበስ ይዞ የእንፋሎት ሞተርን፣ የሰዓት ጥርሶችን (ጥርስ ያላቸውን ትናንሽ መንኮራኩሮች)፣ ናስንና ቆዳን በምናብ የሚቀላቅል የልብስና የጌጥ ስልት ነው። ወደ ሒሳቡ እንግባ።

ኤትሲ አንድ ዕቃ ለመለጠፍ 20 ሳንቲም ያስከፍላል፤ የአሜሪካ ዶላር ሳንቲም ማለት ነው። ልጥፉ 4 ወር ይቆያል። ዕቃው ሲሸጥ 6.5 በመቶ ይወስዳል፤ እስከ 2022 ሚያዝያ ድረስ 5 በመቶ ነበር። ብዙ ጀማሪ የሚስተው ነገር ይህ 6.5 በመቶ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ገዢው በከፈለው የመላኪያ ሒሳብ ላይም መሆኑን ነው። በዚያ ላይ አሜሪካ ላለ ሻጭ የክፍያ ማስተላለፊያው 3 በመቶና 25 ሳንቲም አለ። አዲስ ሱቅ ሲከፈት የአንድ ጊዜ የመክፈቻ ክፍያም ሊጠየቅ ይችላል።

በ220 ዶላር የተለጠፈና 15 ዶላር የመላኪያ ሒሳብ ያለው አንድ ኮርሴት እንውሰድ። ገዢው 235 ዶላር ይከፍላል። ከዚህ 20 ሳንቲም ለልጥፉ፣ 15.28 ለሽያጩ፣ 7.30 ለክፍያ ማስተላለፊያው ይሄዳል፤ ድምሩ 22.78 ነው። ሻጩ እጅ የሚገባው 212.22 ሲሆን ፖስታ ቤቱ 15 ከወሰደ 197.22 ይቀራል። ጨርቁ፣ ብረቱ፣ ገበሩ፣ ገመዱና ማሸጊያው 55 ዶላር ፈጀ እንበል፤ 142.22 ቀረ። በደንብ የተሰፋ ኮርሴት ከመቁረጥ እስከ መጨረሻው የእጅ ስፌት 18 ሰዓት ቢወስድ የሰዓቱ ገቢ 7.90 ዶላር ነው። አሁን ኤትሲ ያንኑ ኮርሴት ጉግል ወይም ፌስቡክ ላይ አስተዋውቆ ገዢው በዚያ በኩል መጣ እንበል። የውጭ ማስታወቂያ ክፍያው 15 በመቶ ስለሆነ ሌላ 35.25 ይነሳል። የቀረው 106.97፣ የሰዓቱ 5.94 ይሆናል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 7.25 ነው። ግብር እንኳ ገና አልተነካም።

ስለዚህ ዋጋ የሚወጣው ማስታወቂያው እንደሚኖር ታስቦ ነው። ያንን ኮርሴት 330 ዶላር ያደረገ ሻጭ ማስታወቂያው በነካው ሽያጭም ቢሆን ሥራውን አያቋርጥም፤ 220 ያለው ግን ብዙ በሸጠ ቁጥር ይደክማል። በ12 ወር ውስጥ ከ10,000 ዶላር በታች የሸጠ ሱቅ የውጭ ማስታወቂያውን ከቅንብሩ ገብቶ ማጥፋት ይችላል። 10,000ን ካለፈ መቶኛው ወደ 12 ይወርዳል፤ ነገር ግን ማጥፋት አይቻልም፤ በኋላ ሽያጩ ቢቀንስም ግዴታው ከሱቁ አይነሳም። ከአንድ ትእዛዝ የሚቆረጠው የማስታወቂያ ክፍያ ከ100 ዶላር አይበልጥም፤ ይህ የሚጠቅመው ሙሉ የሠርግ ልብስ ለሚሸጥ ነው። የቤቱ ዋና ጉድለት ይህ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን። ያደገ የእጅ ባለሙያ የራሱን ማስታወቂያ የመምረጥ መብት ሊነፈግ አይገባም። በ2022 ሚያዝያ ብዙ ሻጮች ሱቃቸውን ለአንድ ሳምንት ዘግተው አድማ ሲመቱ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው ነበር።

ወደ ልብሱ ስንመጣ ኤትሲ ጥሩ የሚሠራው በልክ ለሚሰፋ ነገር ነው። ልጥፉ ላይ «ለግል ማስተካከያ» የሚባል የጽሑፍ ሳጥን አለ፤ ገዢው ሳይሞላው እንዳያልፍ ማድረግ ይቻላል። ለኮርሴት አራት ልኬት ይበቃል፦ ከጡት በታች ዙሪያ፣ የወገብ ዙሪያ፣ የዳሌ አጥንት ላይ ያለው ዙሪያ፣ እና ቁጭ ተብሎ ከጡት ሥር እስከ ጭን ያለው ርዝመት። አራተኛውን የሚዘልሉ ሻጮች ብዙ ናቸው፤ ቆማ ስትለካ ልክ የሆነው ኮርሴት ስትቀመጥ ጭኗን የሚወጋትና ጡቷን ወደ ላይ የሚገፋው በዚህ ምክንያት ነው። ወገቡ 76 ሴንቲ ለሆነ ሰው የተለመደው የተዘጋ ኮርሴት ልክ 66 ነው፤ 10 ሴንቲ ይቀነሳል። ከኋላ ገመዱ ሲታሰር እስከ 5 ሴንቲ የሚደርስ ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነው። ክፍተቱ ላዩ ሰፍቶ ታቹ ከጠበበ ወይም በተቃራኒው ከሆነ ልኬቱ ስህተት ነበር ማለት ነው።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገዢዋ የጂንስ ቁጥሯን ስትጽፍ ነው። የጂንስ ወገብ ከእውነተኛው ወገብ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ከመሆኑም በላይ ፋብሪካዎች ቁጥሩን ያሳንሱታል። 28 ኢንች የሚል ሱሪ ሲለካ 31 ሊሆን ይችላል። ልጥፉ ላይ «ሜትሩን ራቁት ወገብ ላይ፣ እምብርት አካባቢ፣ ሳይጨብጡ» ብሎ በግልጽ መጻፍ፣ የተላከው ቁጥር ካልገጠመም መልእክት ልኮ መልስ ሳይመጣ መቀስ አለማንሳት ያስፈልጋል። ለኮርሴት የሚመረጠው ኩቲል የሚባለው ጥጥ ጥብቅ ሆኖ የተሸመነ ስለሆነ አይሳብም፤ ስህተትን አይሸፍንም። ከ12 ቁራጭ የተገጣጠመ ኮርሴት በየጎኑ 5፣ በጠቅላላው 10 ስፌት አለው። መርፌው በየስፌቱ በሁለቱም ወገን 1 ሚሊ ሜትር ቢያልፍ ልብሱ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠብባል። በዚህ የተነሳ ሙሉውን የመጀመሪያ ሞዴል በርካሽ ጨርቅ ሰፍቶ መለካት ለአዲስ ልክ ሁሉ የሚከፈል ሰዓት ነው፤ ዋጋው ውስጥ መግባት አለበት።

ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው በውስጥ ነው፤ ስለዚህ ውስጡን ማሳየት ግድ ነው። ብዙ ልጥፎች ግን የሚያሳዩት ፊቱን ብቻ ነው። መታየት ያለበት የመጀመሪያው ነገር የወገብ ጥብጣቡ ነው፤ 2.5 ሴንቲ የሚሰፋ፣ የማይሳብ፣ ከፊት ብረቱ እስከ ኋላ ገመዱ ድረስ በወገብ መስመር የተሰፋ። ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ነው፤ ከሌለ ስፌቶቹ በጥቂት ወር ይለቃሉ። ቀጥሎ ብረቶቹ፦ ጎን ላይ ያሉት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚታጠፉ ጥምዝማዛ ብረቶች፣ በገመዱ ቀዳዳ ግራና ቀኝ ያሉት ደግሞ ጠፍጣፋ ብረቶች መሆን አለባቸው። በብረት ፈንታ ፕላስቲክ የገባበት ኮርሴት በሰውነት ሙቀት ይጎብጥና እንደጎበጠ ይቀራል። ገመዱ የሚገባባቸው ቀለበቶች ባለ ሁለት ቁራጭ መሆናቸውን ከጀርባ ፎቶ አንስቶ ማሳየት ያዋጣል። አንድ ቁራጭ ብቻ ያላቸው ከጀርባ ተሰንጥቀው ጨርቁን ስለሚይዙ በገመዱ ጉልበት ይነቀላሉ፤ የተሰነጠቀው ጫፋቸውም ገመዱን ይበላዋል።

ፎቶ ላይ በጣም የሚያበላሸው ነገር የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ነው። ጠንካራ ፕላስቲክ አሻንጉሊት ወገቡ አይጨበጥም፤ ኮርሴቱ ከኋላ እንደ ሹካ ተከፍቶ ይቆማል፤ ልክ ያልሆነ ያስመስለዋል። የሚጨበጥ ስፖንጅ ያለው ማሳያ ወይም የሰው ሞዴል ይሻላል። ሁለተኛው ችግር ቀለም ነው። ቡናማ ቆዳ ቡናማ እንጨት ላይ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ጋር ተደርድሮ መነሳቱ ስልቱ የለመደው ማስዋቢያ ነው፤ በስልክ ላይ ግን የምታየው አንድ ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ፍለጋው ላይ ቅድሚያ የምትታየው ትንሿ ምስል ስለሆነች የመጀመሪያው ፎቶ ጀርባ ግልጽና ነጣ ያለ ይሁን፤ መጽሐፉና ሻማው ከሦስተኛው ፎቶ በኋላ ይምጣ። ናስ ፊት ለፊት መብራት ከተመታ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ይታያል። በመስኮቱና በዕቃው መካከል ነጭ አንሶላ ቢዘረጋ ብርሃኑ ይለዝባል፤ ጥቁር ካርቶን ከጎን ሲደገፍ ደግሞ የብረቱ ጠርዝ ጎልቶ ይወጣል። የሚንቀሳቀስ ጥርስ ወይም የሚከፈት ሌንስ ያለው መነጽር ከሆነ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ የምትሆነዋን ቪዲዮ አለመጠቀም ኪሳራ ነው። ኤትሲ የቪዲዮውን ድምፅ ስለሚያጠፋው ድምፅ ላይ አትድከሙ።

ስለ ፍለጋ ቃላት ብዙ አይባልም። ለአንድ ልጥፍ 13 መለያ ቃል ይፈቀዳል፤ እያንዳንዱ ክፍት ቦታን ጨምሮ እስከ 20 የላቲን ፊደል ድረስ። «ስቲምፐንክ ዌስትኮት» በእንግሊዝኛ 19 ስለሆነ ያልፋል፤ «ቪክቶሪያን ባስል ስከርት» ግን 22 ይሆንና አይገባም፤ ተከፍሎ በሁለት መለያ ይገባል። 13ቱንም መሙላት፣ በቀለሙና በሚለበስበት ዝግጅት የሚፈለጉትን ቃላትም መጨመር ነው። ዘመኑን በትክክል መጥራትም ገዢ ያመጣል፦ ከወገብ በታች ወደ ኋላ የሚነፋው ባስል የ1870ዎቹና የ1880ዎቹ ነው፤ በየአቅጣጫው የሚነፋው የክሪኖሊን ቀሚስ የ1850ዎቹና የ1860ዎቹ። እነዚህን የሚያደባልቅ ልጥፍ ዘመኑን የሚያውቀውን፣ ደህና ገንዘብ የሚከፍለውን ገዢ ያጣል።

ቤቱ ላይ ያለን ሌላው ቅሬታ የፋብሪካ ዕቃ ነው። ኤትሲ በ2005 ብሩክሊን ውስጥ ሲቋቋም የእጅ ሥራና የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነበር። በ2013 ሻጮች ከውጭ አምራች ጋር እንዲሠሩ ፈቀደ፤ በ2015 አክሲዮን ገበያ ገባ። በ2024 ደግሞ ዕቃው በሻጩ የተሠራ፣ በሻጩ የተነደፈ፣ የተመረጠ ወይም የቀረበ መሆኑን የሚለዩ ምልክቶች አመጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ምልክቱን የሚመርጠው ግን ሻጩ ራሱ ስለሆነ ሙሉ ጥበቃ አይሆንም። በጅምላ የተገዛ፣ ሾጣጣ እሾህ የተደረደረበት ናስ ቅብ የፕላስቲክ መነጽር ከእውነተኛው ጎን በሩብ ዋጋ ተቀምጦ ይገኛል። ገዢ ከሆናችሁ ፎቶውን ወደ ጉግል ምስል ፍለጋ አስገቡ፤ ያው ፎቶ በሌሎች አሥር ሱቆች ከታየ የእጅ ሥራ አይደለም። ሻጭ ከሆናችሁ መከላከያው ሥራው በሂደት ላይ እያለ የተነሳ አንድ ፎቶ ነው፦ የተቆረጠ ቆዳ፣ ያልተጠረገ ናስ፣ የእጅ መርፌ። ይህን የጅምላ ነጋዴ በቀላሉ አያገኘውም። ሌላው ምልክት ጥርሶቹ ናቸው። ማስቲሽ ተቀብቶ የተለጠፈ የሰዓት ጥርስ ሙቀት ሲነካው ይወድቃል፤ በብሎን ወይም በሚስማር የታሰረ ከሆነ በቅርብ ፎቶ ማሳየት የዋጋውን ልዩነት ራሱ ያስረዳል።

መላኪያ ላይ ቶፕ ሃት ብዙ ሰው አክስሯል። ባርኔጣው ራሱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ ሳጥኑ ግን 40 በ35 በ25 ሴንቲ ይሆናል። ፈጣን መልእክተኛ ኩባንያዎች የሳጥኑን ሦስት ልኬት በሴንቲ አባዝተው ለ5,000 አካፍለው ነው የሚያስከፍሉት፦ 35,000 ለ5,000 ሲካፈል 7 ኪሎ። ሻጩ በሚዛን ክብደት አስልቶ ከለጠፈ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ ልጥፉ ላይ የሳጥኑ ሦስት ልኬት ይግባ። ባርኔጣው ሳጥን ውስጥ ሲገባ ክፈፉ መሬት አይንካ፤ ውስጡ በወረቀት ተሞልቶ በካርቶን ቀለበት ላይ ይቀመጥ። በክፈፉ ከቆመ መንገድ ላይ ይጎብጣል፤ ወደ ቅርጹ ለመመለስ እንደገና በእንፋሎት ማለስለስ ይጠይቃል።

ድንበር ሲሻገር ሕጉ ጠንክሯል። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚደርስ ዕቃ ያለቀረጥ ያስገባ የነበረውን ፈቃድ ከ2025 ነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም አገር አንስታለች፤ ለንደን ሆኖ ለአሜሪካ የሚሸጥ ሰው ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ልጥፉ ላይ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ገዢው በሩ ላይ ተጠይቆ ዕቃውን ይመልሳል። ወደ አውሮፓ ኅብረት ለሚልክ ደግሞ ከ2024 ታኅሣሥ 13 ጀምሮ ኅብረቱ ውስጥ የሚገኝ ኃላፊነት የሚወስድ ተወካይ ስምና አድራሻ ያስፈልጋል። ተወካይ በዓመት ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ስለሆነ በወር አንድ ኮርሴት ወደ ጀርመን ለሚልክ አያዋጣም፤ የአውሮፓን መላኪያ መዝጋት ይሻላል። ቆዳ ላይ የሚቀመጥ ብረት፣ ለምሳሌ የመነጽር ጠርዝ ወይም የአንገት ጌጥ፣ ከኒኬል የሚለቀው መጠን በሳምንት በስኩዌር ሴንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም እንዳያልፍ የኅብረቱ ሕግ ያዛል፤ ርካሽ የተቀባ ብረት ከዚህ ያልፋል፤ ንጹሕ ናስ ይመረጣል። አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጥ ልብስ የጨርቁ ዓይነት በመቶኛ፣ የተሠራበት አገርና የአምራቹ መለያ ያለበት ምልክት መሰፋት አለበት። ለባርኔጣ ላባ ስትመርጡም የዶሮና የሰጎን ይሁን። በ1918 የወጣው የስደተኛ ወፎች ሕግ የብዙ ዱር ወፎችን ላባ መሸጥ አሜሪካ ውስጥ ይከለክላል፤ መሬት ላይ ወድቆ የተገኘም ቢሆን አይፈቀድም።

ዕቃ መመለስን በተመለከተ አንድ ልዩነት ይታወቅ። የአውሮፓ ገዢ ከኢንተርኔት የገዛውን በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት አለው፤ በገዢው ልኬት የተሰፋ ልብስ ግን ከዚህ ውጭ ነው። «ሲታዘዝ የሚሰፋ፣ ቁጥር ኤም» የሚል ልጥፍ በልክ የተሰፋ አይደለም፤ መመለስ ይችላል። አራቱን ልኬት በሳጥኑ ውስጥ ማስሞላት በዚህም ይጠቅማል። የኤትሲ የገዢ ጥበቃ ሁኔታውን ላሟላ ትእዛዝ እስከ 250 ዶላር ሻጩን ሳይነካ ከራሱ ይመልሳል፤ ይህ ለመነጽርና ለቀበቶ በጣም ጥሩ ነው፤ 330 ዶላር የሆነው ኮርሴት ግን ጣሪያውን ስላለፈ ኢንሹራንስ ተገዝቶለት ይላክ። አዲስ ሱቅ ገንዘቡ ወዲያው ላይለቀቅለት ስለሚችል ለመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች የሚሆን ጨርቅ መግዣ ከጎን መያዝ አለበት። የመላኪያ መከታተያ ቁጥር ማስገባት የሚለቀቅበትን ጊዜ ያፋጥናል።

ማሳየት ላይ ግን ኤትሲ ባዛርን አይተካም። የናስ ክብደት፣ የገመዱ ጥብቀት፣ ጥርሱ ሲዞር የሚሰማው ስሜት የሚታወቀው በእጅ ሲነካ ነው። እንግሊዝ ሊንከን ከተማ ላይ በ2009 የተጀመረው «አሳይለም» ፌስቲቫል የዚህን ስልት ሰዎች በቤተ መንግሥቱ ግንብ አካባቢ ሲሰበስብ ኖሯል፤ በዚያው ዓመት የኦክስፎርድ የሳይንስ ታሪክ ሙዚየም የስቲምፐንክ ጥበብ ኤግዚቢሽን አቅርቧል። ኒው ዚላንድ ኦማሩ ከተማ በነጭ ድንጋይ በተሠሩት የቪክቶሪያ ዘመን ሕንጻዎቿ መካከል በ2011 የተከፈተ የስቲምፐንክ ማሳያ ቤት አላት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚቆም ሻጭ ጠረጴዛው ላይ በሦስት ልክ የተሰፋ የመሞከሪያ ኮርሴት ቢያስቀምጥ ገዢዋ ለብሳ አይታ ልኬቷ እዚያው ይወሰዳል፤ ትእዛዙ ለኋላ ይያዛል። በባዛር የሚሸጠው በእጅ ተይዞ የሚሄደው ትንሽ ዕቃ ነው፤ መነጽር፣ የሰዓት ሰንሰለት፣ ቀበቶ። ትልቁ ልብስ በኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር የሱቁን ኪው አር ኮድ የያዘ ካርድ ማስገባት አይዘንጋ።

ለማን ይመከራል? አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ጀርመን ወይም እስራኤል ውስጥ ሆኖ መስፋት የሚችል፣ በወር ከአራት እስከ ስድስት ትልቅ ሥራ የሚጨርስና ከጎን ትናንሽ ጌጦች ያሉት ሰው ይጠቀምበታል። አዲስ አበባ ላለ ልብስ ሰፊ ወይም ቆዳ ሠሪ ግን ኢትዮጵያ በኤትሲ ክፍያ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች በቀጥታ ሱቅ መክፈት አይሆንም። አንድ ብቻ የተሠራ ዕቃ የሚለጥፍ ሻጭ ልጥፉ በየ4 ወሩ ራሱን እንዲያድስ የሚያደርገውን ምርጫ ወደ በእጅ ማደስ ይቀይረው። ለአንዱ 20 ሳንቲም ነው፤ 60 ዕቃ ላለው ሱቅ ግን በዓመት 36 ዶላር ይሆናል፤ ያልተሸጠውን ደግሞ ከማደስ በፊት የመጀመሪያውን ፎቶ መቀየር ይቀድማል።